ጓደኛ ሲወድቅ ስለ መሣቅ

ክፉ መንፈስ በሰው ላይ ሲያድር የሚያሳይ ሲኒማ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካኖች «ዘ ኤክሶርሲስት» የተባለውን ባወጡ ጊዜ መንፈስ ያደረባት አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። እናትዋ የምታደርገው ለማንም እናት የታወቀ ነው፤ መከራው ሲበረታ ልጅዋን በመኝታ ቤት ሸሽጋ፣ በሩን ዘግታ፣ አስቀድማ ሐኪም፣ በኋላም ቄስ ትጠራለች።

ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ዳኒና ማይክል ፊሊፑ የተባሉ አውስትራሊያውያን መንትያ ወንድማማቾች «ቶክ ቱ ሚ» የሚባል ሲኒማ ሠሩ፤ ትርጓሜውም «አናግረኝ» ማለት ነው። በአገራቸው በአዴሌድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2022 ታይቶ፣ በ2023 በብዙ አገር ተሠራጨ። በዚህኛው ግን በሩን የሚዘጋ ሰው የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወጣቶች ለጨዋታ በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ። በጠረጴዛው ላይ የደረቀ የሰው እጅ ተቀምጧል። ሻማ ይበራል፤ ተራ የደረሰው ልጅ ያን እጅ ጨብጦ «አናግረኝ» ሲል የሞተ ሰው መንፈስ ይታየዋል፤ «አስገብቼሃለሁ» ሲል ደግሞ መንፈሱ ይገባበታል። ከ90 ሰከንድ እንዳያልፍ ሕግ አላቸውና ጊዜው ሲደርስ እጁን አላቅቀው ሻማውን ያጠፋሉ። በዚያች አጭር ጊዜ የልጁ ዓይን ይገለበጣል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ በአእምሮው ቢሆን የማያደርገውን ነውር ያደርጋል። ጓደኞቹም ስልካቸውን አንሥተው እየሣቁ ይቀርጹታል፤ ምስሉንም በማኅበራዊ መገናኛ ይበትኑታል።

ከነዚህ መካከል ሚያ የምትባለው ልጅ እናትዋ የሞተችባት ናት። አንድ ቀን የጓደኛዋ ታናሽ ወንድም ተራውን ሲወስድ የእናትዋን ድምፅ የሰማች መሰላት፤ ጥቂት እንዲቈዩላትም ለመነች። ሰዓቱ አለፈ። ልጁም ፊቱን ከጠረጴዛው ጋር እያጋጨ ራሱን ለመግደል ደረሰ፤ የዚያን ጊዜ ሣቁ ጸጥ አለ።

ሲኒማውን የተመለከትሁት የልጅ ልጆቼ ብዙ ቀን ሲያወሩበት ሰምቼ ነው። «አያ፣ አልፈሩም?» ብለው ጠየቁኝ። ፈርቻለሁ። ነገር ግን ያስፈራኝ የሙታኑ መልክ ሳይሆን የሕያዋኑ ሣቅ ነው። ሠሪዎቹም ሐሳቡን ከየት እንዳገኙት ሲናገሩ፣ በጎረቤታቸው ያደገ አንድ ልጅ አደንዛዥ ዕፅ ሞክሮ መሬት ላይ ሲንፈራገጥ፣ አብረውት የነበሩት እየሣቁ ሲቀርጹት በምስል ማየታቸውን ገልጸዋል። እንግዲህ በሲኒማው ውስጥ መንፈሱ ፈጠራ ቢሆንም፣ ሣቂዎቹ ግን ከእውነተኛው ዓለም የመጡ ናቸው።

በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪ የሚጥል በሽታ ነበረበት። አንድ ቀን በትምህርት መካከል ወደቀ። ከክፍሉ ገሚሱ ሸሸ፤ ገሚሱ ከበበው፤ አንዱ «ሰይጣን ነው» አለ፤ ሌላው ክብሪት ጭሮ በአፍንጫው ሊያሸተው ቀረበ፤ የሣቀም ነበር። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን ጋቢውን አውልቆ እርጥብ ሱሪውን ሸፈነለት፤ ከዚያም ጀርባውን ለሕመምተኛው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ከበቡት አዙሮ ቆመ። ልጁ ሲነቃ መጀመሪያ ያየው ያን ጋቢ ነው። በማግሥቱ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። በዚያ ቀን በክፍሉ ውስጥ 40 ስልክ ኖሮ ቢሆን ይመለስ ነበርን? እኔ እንጃ።

ዛሬ በአገራችንም በጠበልና በጸሎት ስፍራ የሚጮኹና የሚወድቁ ሰዎች ምስል በዩቲዩብና በቲክቶክ ሲዞር እናያለን። ፊታቸው አልተሸፈነም፤ ልብሳቸውም ተገልጧል። ሰውዬው ከዳነ በኋላ ወደ ሥራው፣ ወደ ሰፈሩ፣ ወደ እጮኛው ይመለሳል፤ ምስሉ ግን ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል። መንፈሱ 90 ሰከንድ ተሰጥቶት ይወጣል፤ ምስሉን ግን የሚያስወጣው ሻማ የለም። ካንዱ ስልክ ቢደመሰስ በሺሕ ስልክ ይገኛል።

«ምስሉ ሌላውን ያስተምራል» የሚል ይኖራል። መልካም፤ እንግዲያውስ ሕመምተኛው እስኪነቃ ቈይተህ፣ አእምሮው ሲመለስለት አሳይተህ ጠይቀው። እሺ ካለህ ምስክርነቱ የራሱ ነው። ሳትጠይቀው ካወጣኸው ግን ያስተማርኸው ሰው የለም፤ ራሱን መከላከል በማይችልበት ሰዓት የሰውን ክብር ወስደሃል። «እርሱ ራሱ ፈቅዶ ገባበት» የሚልም ይኖራል። በሲኒማው ያሉት ልጆች ሁሉ ፈቅደው ነው የገቡት፤ ነገር ግን ሲፈቅዱ የነበራቸው አእምሮ ሲቀረጹ አልነበራቸውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሲኒማውን አትይ አልልህም። ካየኸው ግን ዓይንህን ጥቂት ጊዜ ከሙታኑ አንሥተህ ስልክ የያዙትን ልጆች ፊት ተመልከት። ክፉዎች አይደሉም፤ እንዳንተ ያሉ ደጋግ ልጆች ናቸው። ስልኩ በዓይናቸውና በጓደኛቸው መካከል ስለ ገባ ብቻ የጓደኛቸው ጣር እንደ ጨዋታ ታያቸው።

ሰው በፊትህ ሲወድቅ፣ በሽታ ይሁን መንፈስ፣ መጠጥ ይሁን ኀዘን፣ መርምረህ እስክታውቅ ድረስ ልትሠራው የሚገባህ ሥራ አለ። የሚጐዳውን ነገር ከአጠገቡ አርቅ፤ ከራሱ በታች ለስላሳ ነገር አድርግ፤ በአፉ ምንም አትክተት፤ መንፈራገጡ ሲያልፍ በጎኑ አስተኛው። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቈየ ወደ ሐኪም ቤት አድርሰው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ሁለቱም እጅህ ያስፈልጉሃልና፣ ስልክህን አስቀድመህ ወደ ኪስህ መልስ።