ጨረቃን አብሮ ማየት

«ጨረቃን ከደጃችን ሆነን እናያት የለምን? ለዚህ ደግሞ መሰብሰብ ምን ያደርጋል?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በዛሬው ጽሑፍ አብረን እንመልከተው።

የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ ጨረቃን እየዞረች የምታጠና መንኮራኩር በ2009 እ.ኤ.አ. አመጠቀ። በ2010 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የጨረቃ ምልከታ ምሽት ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር፣ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች በአንድ ምሽት ወጥተው ጨረቃን ይመለከታሉ። ለዚህ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ጨረቃ በግማሽ የምትበራበት ሰሞን ነው። ሙሉ ስትሆን የፀሐይ ብርሃን ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ጥላ አይታይም፤ በግማሽዋ ግን ብርሃኑ በጎን ስለሚመጣ ተራራውና ጎድጓዳው ረጅም ጥላ ይጥላል። ጋሊሊዮም በ1609 እ.ኤ.አ. በመነጽሩ ያንን ጥላ አይቶ ነው ጨረቃ ተራራ እንዳላት የተረዳው።

በምማርበት ግቢ እንዲህ ባለ ምሽት ተሰልፌ አውቃለሁ። መምህሩም፣ የጥበቃ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ተራ ጠብቀው፣ ጎንበስ ብለው አዩ። በሰልፉ መካከል አንድ ወዳጄ፣ «ዲያቆን፣ እንግዲህ ሳይንሱ ይህን ካሳየን የአባቶች ትምህርት ምን ይቀረዋል?» አለኝ።

መልሴ ባሕረ ሐሳብ ነበር። አባቶቻችን የጨረቃን ወር አንዱን 30፣ አንዱን 29 ቀን እያደረጉ ቢቆጥሩ ዓመቷ 354 ሆነ፤ ከፀሐይ ዓመት 365 ቀናት በ11 አነሰ። ይህ 11 ጥንተ አበቅቴ ነው፤ 19 ደግሞ ጥንተ መጥቅዕ ነው፤ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። በየ19 ዓመቱም ሁለቱ ብርሃናት ወደ ቀደመ ስፍራቸው ይመለሳሉ። ጾመ ነነዌ የሚገባበት፣ ትንሣኤ የሚውልበት ቀን የሚታወቀው በዚህ ስሌት ነው። ሰማይን መመርመር የሚያስፈራ ቢሆን ኖሮ በዓላችንን በጨረቃ ባልቆጠርን ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የበዓላቱን ቀን ከስልካችን እናነባለን፤ የዘንድሮውን አበቅቴ አውጡ ብንባል ግን ስንቶቻችን እንችላለን? ስሌቱን የሚያውቁ አረጋውያን መምህራን እያሉ ካልጠየቅናቸው፣ በኋላ የምንጠይቀው አናገኝም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ምሽት በአካባቢያችሁ ሲዘጋጅ ሂዱ። ካልተዘጋጀም፣ ጨረቃ ከተወለደች በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ምሽት፣ ከሠርክ ጸሎት በኋላ በደጀ ሰላሙ ተሰብሰቡ። ቴሌስኮፕ ቢጠፋ ተራ የእጅ መነጽር ትልልቆቹን ጎድጓዶች ያሳያል። ፊዚክስ የሚያጠናው ወንድማችሁ ስለ ጥላው ያስረዳ፤ የባሕረ ሐሳቡ መምህር ስለ ቁጥሩ ይንገሩ፤ ሕፃናቱ ቀድመው ይዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።