አዲስ አበባ በሮም በኩል

ከሚኒሶታዋ ኮሎምቢያ ሃይትስ ተነስቶ ሀገር ቤት የሚሄድ ሰው አውሮፓን የሚያውቃት በትራንዚት ነው። አምስተርዳም ወይም ፍራንክፈርት ላይ ከእንቅልፍ ጋር ይታገላል፣ ውድ ቡና ይጠጣል፣ በረራው ሲጠራ ይነሳል። እኔም ለዓመታት እንዲያ አለፍኩ። አንድ ቀን ግን ሴንትራል አቬኑ ላይ 10 ቁጥር አውቶቡስ እየጠበቅሁ በስልኬ ትኬት ሳስስ፣ ለአዲስ አበባ በምከፍለው ላይ ጥቂት ብጨምር ሮምን ማየት እንደምችል ገባኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ደርሶ መልስ በመፈለግ ፈንታ መልቲ ሲቲ የሚለውን ይመርጧል፦ ከሚኒያፖሊስ ሮም፣ ከሮም አዲስ አበባ፣ ከዚያ መመለሻው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሮም በቀጥታ ስለሚበር ሁለተኛው ጉዞ ቀላል ነው። ለገናና ለበጋ ዕረፍት ዋጋው ይሰቀላል፤ እኔ የቆረጥኩት ለየካቲት ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ የሚጓዝ ግን የሼንገን ቪዛ ማውጣት አለበት፤ ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ የሚኒሶታን ነዋሪ የሚመለከተው የጣሊያን ቆንስላም ያለው ቺካጎ ነው። ቪዛው ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት መቁረጥ አያዋጣም።

የኛ ሰው ትልቁ ጣጣ ሻንጣ ነው። የእናት ጫማ፣ የእህት ልጆች ልብስ፣ የጎረቤት አደራ፤ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ሲጎትቱ ሮምን መዞር አይቻልም። በየበረራው ስንት ሻንጣ እንደሚፈቀድ አስቀድሞ ማየት ያሻል። ሮም ከገቡ በኋላ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዕቃ በአደራ የሚያስቀምጡበት ቦታ አለ።

ቴርሚኒ ደጃፍ ላይ ታሪካችን ይጀምራል። አደባባዩ የተሰየመው ጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው አምስት መቶ ያህል የጣሊያን ወታደሮች ነው፤ መታሰቢያ ሐውልታቸውም እዚያው አጠገብ ቆሟል። ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እንደልብ ዘው የሚባልበት አይደለም፤ እኔ ግን ከቅጥሩ ውጭ ቆሜም ልቤ ሞላ። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በፈረንጆቹ 1548 እና 1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን ያሳተሙት እዚህ ተቀምጠው ነው። ፊደል ለቃሚዎቹ ግእዝ ማንበብ አይችሉም፣ ማንበብ የሚችሉት ደግሞ ኅትመት አያውቁም ነበርና ለስህተቱ ይቅርታ ጠይቀዋል። ከሀገሩ ርቆ በማያውቁት ሰዎች መካከል ለሠራ ሁሉ የዚህ ይቅርታ ስሜት የሚገባው ይመስለኛል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የሜትሮ ትኬት ብቻ የጠየቀኝን ቦታ ነው። በ1.50 ዩሮ ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ወርጄ ስወጣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊቴ ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። ዛሬ በስፍራው መኪኖች ይጣደፋሉ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሲሮጥ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ የተፈተለከው ከዚሁ ሐውልት አጠገብ ነው። ሐውልቱ ያኔ ገና ምርኮ ነበር! ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ያለውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት፤ በግራዬ የፓላቲኖ ኮረብታ፣ ከፊቴ ቅስቱ፣ ከጎኑ ኮሎሲየም። አበበ እዚያ ሲደርስ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን።

የምትሄዱ ከሆነ ይህን መንገድ አመሻሽ ላይ ያዙት። ሩጫው ያለቀው በምሽት ነው፤ የአዲስ አበባውን በረራ ደግሞ ለማግስቱ አድርጉት፣ እግራችሁ ቶሎ መመለስ አይፈልግም።