«ፉል ሲንቴቲክ እኮ ነው የማስሞላው!»

ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የተፈታ ቱርቦ አየሁ። መካኒኩ ዘንጓን በሁለት ጣቱ ይዞ ሲነቀንቃት ቀጭ ቀጭ ትላለች። የዘይት መግቢያዋ ተቃጥሎ ከሰል በሆነ ዘይት ተደፍኗል። ባለመኪናው ራሱን ይዞ «ፉል ሲንቴቲክ እኮ ነው የማስሞላው! ውዱን!» ይላል። መካኒኩ ዝም። እኔም ዝም። (ባለቤቴ ይህን አታምንም።) እዚያ የዋጥኩትን እዚህ ልተንፍሰው።

ይቺ ዘንግ በደቂቃ ከ150 ሺህ ዙር በላይ የምትሽከረከር ጉድ ናት። በአብዛኞቹ ቱርቦዎች ባለኳስ ኩሽኔታ የሚባል ነገር የለም፤ ዘንጓ ስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፋ ነው የምትዞረው፤ ያውም የጭስ ማውጫው እሳት አጠገብ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳስቷል፤ ያንኑ ጉልበት ለመስጠት ቱርቦዋ ከጅቡቲ ይልቅ እዚህ የበለጠ መፍጠን አለባት።

እና እናንተ ኢንቦክስ እየገባችሁ «ሞቢል ይሻላል ካስትሮል?» ትሉኛላችሁ። ወገን፣ እነዚህ ሁለቱ ራሳቸው «ሲንቴቲክ» በሚለው ቃል አሜሪካ ውስጥ ተሟግተዋል! ካስትሮል ፒኤኦ የሚባለውን ዘይት ትቶ በጥልቀት ወደተጣራ የድፍድፍ ዘይት ሲዞር ሞቢል «ይሄማ ሲንቴቲክ አይደለም» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የማስታወቂያ ክርክር የሚዳኘው አካል ለካስትሮል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ የጀሪካኑ ፊት ስለ ውስጡ ብዙም አይነግራችሁም።

ጀርባውን አንብቡ። ሁለት ጀሪካን፣ ሁለቱም 5ደብሊው-30። አንዱ ኤሲኢኤ በሚባለው ደረጃ ኤ5/ቢ5 ነው፤ በ150 ዲግሪ ሙቀት ሲጨመቅ የሚቀርለት ውፍረት ከ2.9 እስከ 3.5 ነው። ሌላው በዚያው ደረጃ ሲ3 ነው፤ ከ3.5 በታች መውረድ አይፈቀድለትም። የትኛው ለእናንተ እንደሆነ የሚወስነው ማኑዋሉ ነው እንጂ የጎረቤት መካኒክ አይደለም። ቤንዚን ቱርቦ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ኤፒአይ ኤስፒ የሚለውን ደረጃ ፈልጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣ ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ እያለ ነዳጅ ስትረግጡ፣ ካንዴላው ሳይተኩስ ቤንዚኑ በራሱ ጊዜ ተቀጣጥሎ ፒስተን የሚሰብርበት በሽታ አለ። ዘይቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲበዛ ያባብሰዋል። ኤስፒ ዘይቱን በዚህ ይፈትነዋል፤ በካቴና መበላትም ጭምር።

ይሄ ሁሉ ግን ውስጡ እውነተኛ ዘይት ካለ ነው! ቅዳሜ ቁራሌው በራችን መጣ። ባዶ የዘይት ጀሪካኖች አወጣሁለት። የመጀመሪያ ጥያቄው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ክዳኑስ?» ክዳን ካለው እጥፍ ይከፍላል። ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገና የተላጠውን መለሰልኝ። ለውሃ መቅጃ ከሆነ የወረቀቱ መላጥ ምን አስጨነቀው? እሱን አልፈርድበትም፣ የታዘዘውን ነው የሚሰበስበው። አዛዡ ማን ነው ነው ጥያቄው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን እንደ ዓይናችን ብሌን እየጠበቅን፣ አንዱ ጓዳ ቁጭ ብሎ የተቃጠለ ዘይት አጣርቶ ሊሸጥልን! አሁን ከቤቴ ባዶ ጀሪካን የሚወጣው በቢላ ተወግቶ ነው። እማዬ የላምባ ማስቀመጫዬን በሳህብኝ ብላ እስካሁን አኩርፋኛለች።

ደግሞ ዘይት የሚቀየርበት ኪሎሜትር አለ። መገናኛ ላይ ቆማችሁ ሞተሩ ሲሠራ ኦዶሜትሩ አይቆጥርም፣ ዘይቱ ግን ያረጃል። «ጀሪካኑ ላይ 15 ሺህ ይላል» አትበሉኝ። ዳገት ወጥታችሁ እንደደረሳችሁም ቁልፉን አታጥፉ፤ የጋለችው ቱርቦ ውስጥ ዘይቱ ቆሞ የሚከስለው ያኔ ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ብትታገሱ ምን ይቀርባችኋል?

በሉ፣ ከነገ ጀምሮ የብራንድ ስም አትላኩልኝ። የጀሪካኑን ጀርባና የማኑዋሉን ገጽ ፎቶ አንሱና ላኩ። እማዬ ራት እየጠራች ነው፤ የታረቀችኝ ይመስለኛል።