የዛሪማው ቅጥቅጥ

ዛሪማ፣ ቀትር ላይ። ሊማሊሞን ወርደን ቆላው ሲቀበለን በደባርቅ ብርድ የደረብነውን ጋቢ አውልቀናል። የምንጓዝበት ቅጥቅጥ ጎማው ተንፍሶ አንድ ሻይ ቤት ፊት ቆመ። ሹፌሩና ረዳቱ ክሪክ ይዘው ሥር ገቡ።

ከሻይ ቤቱ ጥላ ሥር አንድ ልጅ መኪና ይሠራል። አካሉ ከዘይት ጀሪካን የተቆረጠ፣ ጎማው ካለቀ ነጠላ ጫማ፣ ዘንጉ ሽቦ። ዓይኔን የያዙት ግን ከፊቱ የተደረደሩት የጭቃ ሰዎች ናቸው፦ ሹፌር፣ ረዳት፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ። ጠዋት ከጎንደር ስንወጣ በቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ስሟ በሚነሳው ወለቃ በኩል አልፈን ነበርና የሸክላ ምስሎቿ ትዝ አሉኝ። ይሄ ልጅ ግን ሰዎቹን ፀሐይ ላይ ያደረቃቸው ሊያሳፍራቸው ነው። ጀሪካኑን የቆረጠው እነሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በስንዝር ከለካ በኋላ ነው።

«መኪናውን ካስቀደምኩ ሰዎቹ አይገቡልኝም ጋሼ» አለኝ።

ትክክል ነው። ሻንጣዬ ውስጥ አዲ አርቃይ ላለው የእህቴ ልጅ የያዝኩት ሌጎ ነበረና ከፍቼ አሳየሁት። የዴንማርኩ ፋብሪካ ለተገጣጣሚው ጡብ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀሰው ትንሹ ሰው ግን እስከ 1978 አልመጣም። ስፒድ ቻምፒየንስ የሚባሉት የውድድር መኪኖቹም ስፋታቸው ስድስት ጉጥ (ጡቡ ላይ ያለው ክብ እብጠት) ሆኖ ቆይቶ፣ ወደ ስምንት አድጎ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የተቀመጠባቸው በ2020 ነው። የዛሪማው ልጅ ከዚያው ሐሳብ የደረሰው በስንዝሩ ነው፤ ይህን ስጽፍ አድናቆቴ ከልብ ነው።

አብረን የሌጎ መኪና መሥራት ጀመርን። ጡቡ ጥቂት ስለሆነ ከስድስት ጉጥ በላይ ማስፋት አልቻልንም። የሌጎው ሰው ወገብ ሁለት ጉጥ ላይ ይቀመጣል፤ ክንዶቹ ግን ከወገቡ ይሰፋሉ። ሹፌርና ረዳት ያልናቸውን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ክንድ ከክንድ ተጋጨ። በሮቹን ወደ ውጭ ልግፋ ስል ልጁ ረዳቱን አንስቶ አንድ ጉጥ ወደ ኋላ አስቀመጠው። ገባ! «ረዳት እኮ ከሹፌር እኩል አይቀመጥም፤ በሩ ጋ ነው» አለ። ጣሪያው ደግሞ ጭንቅላታቸውን ነካ፤ ከሥራቸው የነበረውን ጠፍጣፋ ጡብ አውጥተን ወለሉ ላይ አስቀመጥናቸው። መሪው ከሹፌሩ ጉልበት ጋር ሲተሻሽ ወንበሩን ትንሽ አሸሸነው።

የእኛም ቅጥቅጥ እንዲሁ የተሠራ ነው፤ በአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ ቦዲ ተገጥሞለት፣ ወንበሩ በሰው ልክ ተደርድሮ። የኋለኛው ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ስለመጣሁ የለኪው እጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ።

ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» ሲል ልጁ የተረፉትን ጡቦች ጣሪያው ላይ እየደረደረ ነበር።

«ፖርቶመጋላ ሳይኖረው የት ይሄዳል? የሽማግሌው ጤፍ አለ።»

የእህቴ ልጅ ሌላ መኪና ይሠራል ብዬ ይህኛውን ከነተሳፋሪዎቹ ለዛሪማው ልጅ ተውኩለት።