የክረምት ንባብ ዕዳው የማን ነው?

ሰኔ ሲያልቅ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተው ግቢያቸውን ለዝናብና ለሣር ይተዋሉ። በዚያን ጊዜ ተማሪው የሚለየው ከመምህሩና ከጥቁር ሰሌዳው ብቻ አይደለም፤ በብዙ ስፍራ ከፊደልም ጭምር ይለያል። የመማሪያ መጽሐፉን ለትምህርት ቤቱ ያስረክባል፤ የሞላው ደብተሩም ወይ የሱቅ መጠቅለያ፣ ወይ የምድጃ ማቀጣጠያ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እስከ መስከረም ድረስ አንዲት የታተመች ገጽ ሳያይ የሚከርም ልጅ አለ። በሰኔ አቀላጥፎ ያነብ የነበረ ልጅ በመስከረም እየተንተባተበ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ያላረሱበት ማረሻ ይዝጋልና።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የሚሰነዘረው ሐሳብ፣ ተማሪው በክረምት በግዴታ የሚያነባቸው መጻሕፍት ዝርዝር በየክፍል ደረጃው ይዘጋጅለት የሚል ነው። ሐሳቡ በሌላው ዓለም የተሠራበት ነው። በሩሲያ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለረጅሙ ዕረፍት ሲያሰናብቱ የመጻሕፍት ዝርዝር ያስይዟቸዋል፤ በአሜሪካም በብዙ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ልማድ አለ። ይሁን እንጂ አንድ ልማድ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር የሚተከልበትን መሬት አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። የሞስኮ ልጅ የሚያርፈው ፀሐይ በደመቀችበት ወቅት ነው። የጎጃም ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበት ሰማዩ ሲጠቁርና መሬቱ ሥራ ሲጠይቅ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ለገበሬ ቤት የዕረፍት ወራት ሆነው አያውቁም። እርሻው፣ ዘሩና አረሙ የሚደራረቡት በዚሁ ጊዜ ነው። ገሣ ለብሶ ከብት የሚያግድ የ10 ዓመት ልጅ፣ እናቷ ከእርሻ እስክትመለስ ለታናናሾቿ እናት ሆና የምትውል የ12 ዓመት ልጃገረድ፣ በከተማ መንገድ ዳር ጫማ እየጠረገ የመስከረም ደብተር መግዣ የሚያጠራቅም ልጅ፣ ሁሉም ተማሪዎች ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ዕረፍት የሚለው ቃል የትምህርት ቤቱ እንጂ የእነርሱ አይደለም። እንግዲህ «ይህን ያህል መጽሐፍ አንብበህ ና» የሚል ወረቀት በእጃቸው ቢሰጥ፣ ግዴታው የሚወድቀው በማን ላይ ነው? መጽሐፉን ከየት ያመጡታል? በመስከረም ሳያነቡ ቢመለሱስ የሚቀጡት ስለ ስንፍናቸው ነው ወይስ ስለ ድህነታቸው?

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። የክረምት ንባብ ግዴታ መሆን ይገባዋል፤ ግዴታው ግን አስቀድሞ በአዋቂው ላይ የሚወድቅ ነው። ዝርዝሩን የሚጽፍ ሰው መጽሐፉን የማድረስ ዕዳ አለበት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል የአገሩ ብሂል። መጽሐፍ የሌለው ዝርዝርም ያልተማረ ሰው ጥምጥም ነው።

ይህ የስሜት አነጋገር ብቻ አይደለም፤ ጥናትም ይደግፈዋል። ሪቻርድ አሊንግተንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ከድሀ ቤተሰብ የተወለዱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን መርጠው፣ ለሦስት ተከታታይ የዕረፍት ወቅቶች በያንዳንዱ ወቅት 12 መጻሕፍት ይሰጧቸው ነበር። መጻሕፍቱን የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነው ውጤት እንዳስረዳው፣ መጽሐፍ የተሰጣቸው ልጆች የንባብ ችሎታቸው ካልተሰጣቸው እኩዮቻቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ማስፈራሪያ አልነበረም፤ ልጆቹ የፈለጉት መጽሐፍ በእጃቸው ገባ፣ እጃቸው ላይ የገባውንም አነበቡ። በዚያው 2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ደግሞ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ሁለቱ እውነቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሥራው የት እንደሚጀመር ያመለክታሉ።

መጽሐፉ ይገኛል ቢባል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለየትኛው ዕድሜ የትኛው መጽሐፍ የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ጥንታዊው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አንድ የሚያስተምረው ነገር አለ። በዚያ ልጅ ፊደል ከቆጠረ በኋላ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አልፎ ነው ዳዊት ለመድገም የሚበቃው። ደረጃውን የሚወስነው የልጁ ዕድሜ ሳይሆን የምላሱና የጆሮው ጉልበት ነበር። ዘመናዊው ዝርዝርም ከክፍል ቁጥር ይልቅ ይህን ጉልበት ቢከተል ይበጀዋል።

ከ7 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ የመጀመሪያው መጽሐፍ ጆሮ ነው። «ተረት ተረት» ሲሉት «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ ገና ፊደል ሳይለይ የታሪክን አካሄድ አውቋል፤ ጅምሩን፣ መሐሉንና ፍጻሜውን ይጠብቃል። ተስፋዬ ሣህሉ፣ በልጆች አጠራር አባባ ተስፋዬ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ የሠሩት ሥራ ይህንኑ ነበር። በዚህ ዕድሜ የሚሰጠው መጽሐፍ አጭር፣ ሥዕል ያለውና በልጁ አፍ መፍቻ ቋንቋ የተጻፈ ሊሆን ይገባል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች ለልጆች የሚጽፍ ብዕር እንዲነሣ መጥራቱ ነበር። ለዚያ ጥሪ መልስ መስጠት የደራስያን ድርሻ ነው።

ከ10 እስከ 12 ዓመት ያለው ልጅ ፍርድ መውደድ ይጀምራል። ማን በደለ፣ ማን ተበደለ፣ ማን ተላላ ሆነ ብሎ ይጠይቃል። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ለብዙ ትውልድ የዚህ ዕድሜ ጓደኛ ሆኖ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። እንስሳትና ሰዎች በአጭር በአጭሩ እየገቡ ይወጣሉ፤ ግጥሙ በቃል ለመያዝ ይቀላል፤ ከብት የሚያግድ ልጅ ጧት ያነበበውን መጽሐፉ በሌለበት መስክ ላይ ለራሱ ሊደግመው ይችላል። ዝናብ የማያበሰብሰው መጽሐፍ በቃል የተያዘው ነው።

13 እና 14 ዓመት የሆናቸው ልጆች ደግሞ መነጋገርና መከራከር ይወዳሉ። ለእነርሱ ተውኔት ቢሰጣቸው ይመረጣል። የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የተጻፉት ለመድረክ ቢሆንም፣ በክረምት ምሽት ምድጃ ዙሪያ ክፍል ተከፋፍሎ ለማንበብ የሚያስፈልገው አንድ ቅጂና ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው። ልጅ የሙሽራውን ቃል፣ እናት የአማቲቱን፣ ያልተማረው አባት ሳቁን ቢያዋጣ፣ አንድ መጽሐፍ ለአምስት ሰው ይበቃል። መጽሐፍ ውድ በሆነበት አገር ይህ ታላቅ ቁጠባ ነው። ከዚህም በላይ፣ ተውኔት ጮክ ብሎ ያነበበ ልጅ የሌላውን ሰው ቃል በገዛ አፉ ተናግሯልና፣ የማይስማማውን ሰው ሐሳብ ለአንድ ምሽት ተሸክሞ ማደርን ይማራል።

ወደ 15 እና 16 ዓመት ሲደረስ ረዘም ያለ ልብ ወለድ ይመጣል። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በተለምዶ ስሙ «ጦቢያ»፣ ቋንቋው ከዛሬው ተማሪ ቢርቅም መጠኑ አጭር ነው። ወንድሟን ፍለጋ ወንድ መስላ የምትጓዘው ልጅ ታሪክ ወጣቱን ይዞ ይሄዳል፤ መምህሩ አስቀድሞ አስቸጋሪዎቹን ቃላት ጽፎ ቢያስይዘው ደግሞ መንገዱ ይጠረጋል። በ1941 ዓ.ም. የታተመው የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» በበኩሉ፣ ውጭ አገር ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ወጣት ዕውቀቱን ምን ላይ ሊያውለው እንደሚገባ ይጠይቃል። ጥያቄው ዛሬም አላረጀም።

የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ተማሪዎች የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለማንበብ የደረሱ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ትልቅ መጽሐፍ ከክፍል ውስጥ ይልቅ ለክረምት የተመቸ ነው፤ በ40 ደቂቃ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ተቆራርጦ ሲቀርብ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር የሰዋስው ምሳሌ ሆኖ ይቀራል። በሁለት ወር ዝናብ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲነበብ ግን ወጣቱ ከጉዱ ካሣ ጋር አብሮ ይቈጣል፣ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር አብሮ ይወድቃል። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ቢከተለው፣ ተማረ የተባለ ወጣት የኖረውን ማኅበረ ሰብ በክርክር ብቻ ሊለውጠው ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሣበታል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሁሉን ያጠቃለለ አይሆንም፤ ተማሪው ከቀረቡለት መካከል እንዲመርጥ በር መክፈቱ ግን ግድ ነው። አንዱን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ የደገመ ልጅ ሦስት መጻሕፍት ካነበበ ልጅ አያንስም።

መጽሐፍ የማድረሱ ዕዳ ሊከፈል የሚችል ለመሆኑ ማስረጃው እዚሁ አገር አለ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ክረምትን የንባብ ወቅት አድርጎት ነበር። ተማሪና መምህር ወደየቀበሌው ወጥተው በ15 ቋንቋዎች ፊደል አስቆጠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። ሆኖም የሚነበብ ነገር ባልተከተለበት ስፍራ የተቆጠረው ፊደል ተመልሶ ጠፋ። ከዚያ ዘመቻ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው፦ ጭቃና ዝናብ ንባብን አያግዱም፤ የመጽሐፍ እጦት ግን ያግዳል። በኋላም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ያቋቋሙት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ፣ በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ አስጭነው ልጆች ወዳሉበት ሰደዋል። አህያ እህል፣ ውሃና እንጨት ስትሸከም በኖረችበት አገር ተረት ብትጨምርበት ሸክሙ የሚከብዳት አይመስልም።

በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርና በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ለአዲስ አበባ ልጅ ታላላቅ ቤቶች ናቸው። ገሣ የለበሰው ልጅ ግን ወደ እነርሱ አይደርስም፤ መጽሐፉ ነው ወደ እርሱ መድረስ ያለበት። ለዚህ ሁልጊዜ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። በክረምት ተቆልፎበት አይጥና ምስጥ የሚጫወትበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን፣ ቢከፈት ጨው ሊገዛ የመጣ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ይመለሳል። የጠፋ መጽሐፍ እንደሚኖር የታወቀ ነው። ቁልፍ ውስጥ ሆኖ ያልተነበበ መጽሐፍ ግን ገና ሳይሰረቅ የጠፋ ነው። መጽሐፍ ባልደረሰበትም ሬዲዮ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሳይቀር የመጽሐፉ ባለቤት ሆኖ ነበር።

ሌላም ፈተና አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ ብዙ ወላጅ ደነገጠ። የደነገጠ ወላጅ ክረምቱን በሙሉ ለማጠናከሪያ ትምህርት ቢያውለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ነገሩን ማውጣት የማይችል ልጅ የፊዚክስንም ጥያቄ አንብቦ አይረዳም። ልብ ወለዱ ከፈተናው የሚሰርቀው ጊዜ የለም፤ ይልቁንም ለፈተናው የሚያበድረው ጉልበት አለ።

በመስከረም ተማሪው ሲመለስ የሚጠብቀው ጥያቄም የንባቡን ዕድል ይወስናል። «ደራሲው ማን ነው? መጽሐፉ በስንት ዓ.ም. ታተመ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የሽፋኑን ገጽ ብቻ አንብቦ ይመጣል። «ጉዱ ካሣ ጎረቤትህ ቢሆን ምን ትለው ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ግን ለመመለስ መጽሐፉን ማንበብ፣ ጎረቤቶቹን ማስታወስና ራሱን መመርመር ይኖርበታል። መጽሐፍ ያልደረሰው ልጅም ከአያቱ የሰማውን ተረት ተነሥቶ ቢናገር፣ የክረምት ሥራውን እንደ ሠራ ሊቆጠርለት ይገባል።

«ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» የሚለው ቃል በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። ልጁ ይህን ቃል በሰኔ እያነበበው ከግቢው ይወጣል። ያን ዕለት በብብቱ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ መጽሐፍ ይዞ ከወጣ፣ ቃሉን የጻፉት ሰዎች ዕዳቸውን ከፍለዋል፤ የቀረው የልጁ ፈንታ ነው።