የምሳ ዕቃው ሕግ በሲልቨር ስፕሪንግ

ባለፈው ዓመት በመስከረም መጨረሻ ልጄን ላርስ ወደ አሜሪካ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ እህል ይበዛ ነበር። ምጥን ሽሮ፣ በርበሬ፣ የአጥሚት እህል፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ፌስታል ሙሉ ቆሎ። ቆሎውን የቆላሁት ራሴ ነኝ፤ ገብሱን ከሽምብራ፣ ከሱፍና ከኦቾሎኒ ጋር ቀላቅዬ። የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ቆሎ ይወዳል ሲሉ ሰምቼ ነው።

ልጄ የምትኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ቦታ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ድንበር ትጋራለች፤ የቀዩ መስመር ባቡር በአጭር ጊዜ መሃል ከተማ ያደርሳል። በጆርጂያ ጎዳናና በፌንተን መንገድ አካባቢ በእግር ብትሄዱ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ታያላችሁ። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ጀበናው፣ ነጠላው ሁሉ አለ። «ታዲያ ያን ሁሉ እህል ምን አሸከመኝ?» ብዬ በራሴ ስቄያለሁ።

ልጄ አራስ ስለነበረች የትምህርት ቤት ምሳ ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ሆነ። እንጀራ በምስር አልጫ ጠቅልዬ፣ ሙዝና ውኃ ጨምሬ እሰጠዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢጫው አውቶቡስ ከመድረሱ በፊት፣ ከቆሎው ጥቂት በላስቲክ ቋጥሬ በቦርሳው የጎን ኪስ ከተትኩለት። «ለጓደኞችህም ስጣቸው፤ ብቻህን እንዳትበላ» አልኩት። ይህቺን ምክር እናቴ ለእኔ፣ እኔም ለልጆቼ የሰጠኋት ናት።

እኩለ ቀን ገደማ ስልክ ተደወለ። ልጄ በእንግሊዝኛ ስታወራ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ስልኩን ዘግታ «እማዬ፣ ቦርሳው ውስጥ ኦቾሎኒ ከተሽለት ነበር?» አለችኝ። ጥፋት እንደሠራ ሕፃን ዝም አልኩ።

የሆነው ይህ ነው። የልጅ ልጄ ምሳ ሰዓት ላይ ቆሎውን አውጥቶ፣ እንደ ታዘዘው መጀመሪያ አጠገቡ ለተቀመጠች ልጅ ዘረጋላት። ልጅቷ እጇን ከመስደዷ በፊት «ኦቾሎኒ አለው?» ብላ ጠየቀችው። እሱም «አያቴ ናት የሠራችው፤ እኔ አላውቅም» አላት። ልጅቷ ብድግ ብላ አስተማሪ ጠራች። ቆሎው ተወሰደ፣ ጠረጴዛው ተጠረገ፣ ልጆቹ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ማንም አልተጎዳም። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ያ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ሳትጠይቅ አንድ ጭብጥ ወደ አፏ ብታደርግ ኖሮስ?

በማግስቱ ከአማቼ ጋር ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ ነርስ አልተቆጣችኝም፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ዓመቱ ሲጀመር ወላጆች የፈረሙበትን ወረቀት አሳየችኝ። አማቼ አንድ በአንድ ተረጎመልኝ። ኦቾሎኒና ሌሎች የለውዝ ዓይነቶች ወደ ክፍል አይገቡም። መክሰስ ከሆነ፣ ምን እንዳለበት በተጻፈበት በራሱ ማሸጊያ ይምጣ። የልደት ኬክ ከቤት አይመጣም፤ በምትኩ እርሳስ ወይም ተለጣፊ ሥዕል ይታደላል። የመጨረሻው ደንብ «ልጆች ምግብ አይካፈሉም» ይላል። በየትምህርት ቤቱ ደንቡ እንደሚለያይም ነገረችኝ፤ አንዳንዱ ኦቾሎኒን ጨርሶ ይከለክላል፣ ሌላው አለርጂ ላለባቸው ልጆች የተለየ ጠረጴዛ ያዘጋጃል።

ከዚያ አንድ ቁም ሳጥን ከፈተች። በውስጡ የልጆች ፎቶግራፍ የተለጠፈባቸው ትናንሽ ከረጢቶች ተደርድረዋል። በየከረጢቱ ሐኪም የፈረመበት መመሪያና ብዕር የሚመስል መርፌ አለ። ኤፒፔን በሚል ስም የሚታወቀው ነው። ውስጡ ያለው መድኃኒት ኤፒኔፍሪን፣ እኛ አገር በየሆስፒታሉ አድሬናሊን ሲባል የምንሰማው ነው። ልጁ ከተነካ ጭኑ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ በልብሱ ላይ እንኳ ቢሆን ይወጋል፤ ከዚያ አምቡላንስ ይጠራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታን የሚከላከለው የሰውነታችን ኃይል አንዳንድ ጊዜ ምግብን እንደ ጠላት ይቆጥራል። ያኔ ልጁ ያሳክከዋል፣ ሽፍታ ይወጣበታል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ያስመልሰዋል። ሲብስ ጉሮሮው ይጠብባል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደም ግፊቱ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሆን ይችላል። የማሳከክ ክኒን ሽፍታውን ቢያስታግስም ትንፋሹን አይመልስም፤ ለዚህ ነው መርፌው የሚቀድመው። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃም የኦቾሎኒን ፕሮቲን ከእጅ አያስወግድም። የልጅ ልጄ ክፍል በሳሙናና በውኃ የታጠበው ለዚህ ነበር።

በአሜሪካ ከ13 ልጆች አንዱ ገደማ የምግብ አለርጂ እንዳለበት ይገመታል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የባራክ ኦባማ የመጀመሪያ ልጅ ማሊያ የኦቾሎኒ አለርጂ አለባት። አባቷ ይህን በይፋ የተናገሩት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ትምህርት ቤቶች ያንን መርፌ በእጃቸው እንዲይዙ የሚያበረታታ ሕግ ሲፈርሙ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ገበያ ስንወጣ ዓይኔ ዋጋውን ትቶ ማሸጊያው ጀርባ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ መፈለግ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሕግ ስምንት ነገሮች በግልጽ እንዲጻፉ ያዛል፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ ቅርፊታሞች፣ የዛፍ ለውዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴና አኩሪ አተር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ ተጨመረ። አማቼ እየሳቀ የነገረኝ ነገር አለ። አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች መጋገሪያቸውን ከሰሊጥ ማጽዳቱ ቢከብዳቸው፣ ሆን ብለው ጥቂት ሰሊጥ ጨምረው «ሰሊጥ አለው» ብለው መጻፍን መርጠዋል። በዚህ የተነሣ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች የለመዱትን ዳቦ አጡ።

ወደ እኛው ሱቆች ስንገባ ግን ሌላ ዓለም ነው። በአንዱ ሱቅ ቆሎው፣ ሱፉና ኦቾሎኒው ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ጭልፋ ይዘገናሉ፤ በላስቲኩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ለጾም የምንወደው ሰሊጥ ከዘጠኙ አንዱ ነው። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም፤ እዚያ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይቀላቀልበታል። አብሽም የኦቾሎኒ ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ ነው፤ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች በአብሽ እንደተነኩ ሐኪሞች መዝግበዋል። ስለዚህ «የእኛ ምግብ ምንም አይልም» ማለት አይቻልም።

አንድ ማታ ከልጄ ጋር ተከራከርን። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እያልን አሳድገናችሁ፣ አሁን ልጁን አትካፈል ልትሉት ነው?» አልኳት። ልጄ ሕፃኑን እያጠባች ቀስ ብላ «እማዬ፣ ጉርሻ እኮ የሚሰጠው ለሚወዱት ሰው ነው። ያቺን ልጅ የሚወዳት ሰው አያጎርሳትም» አለችኝ። መልስ አላገኘሁም። ምክሬን ግን አሻሻልኩ። የልጅ ልጄን አስቀምጬ «ኳስህን አካፍል፣ እርሳስህን አካፍል። ምግብ ግን ትልቅ ሰው ሳትጠይቅ ለማንም እንዳትሰጥ» አልኩት።

ኦቾሎኒን ጠልቼ ልወጣ ስል ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ሕፃኑን ለምርመራ ወስደን ሳለ ሐኪሟ ምግብ ሲጀምር ኦቾሎኒ እንዳይዘገይበት መከረችን። ጉድ አልኩ! ምክንያቱን ግን አስረዳችን። በለንደንና በቴል አቪቭ የሚኖሩ አይሁድ ልጆች ሲነጻጸሩ የኦቾሎኒ አለርጂ በለንደኖቹ ላይ ወደ አሥር እጥፍ በልጦ ተገኘ። የእስራኤል ሕፃናት ባምባ የሚባል ከበቆሎና ከኦቾሎኒ የሚሠራ ለስላሳ መክሰስ ገና በጨቅላነታቸው ይበላሉ። ፕሮፌሰር ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቻቸው በለንደን ለአለርጂ የተጋለጡ 640 ሕፃናትን ይዘው ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት፣ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ኦቾሎኒ የበሉት ልጆች አለርጂው ካልበሉት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ ታይቷል።

ይህ ግን ማንም ቤቱ ተነሥቶ የሚያደርገው አይደለም። ሕፃኑ ከባድ የቆዳ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ካለበት መጀመሪያ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሲሰጥም በደንብ ተፈጭቶ በገንፎ ወይም በወተት ቀጥኖ ነው። ደረቁ ፍሬ ለትንንሽ ልጆች ጉሮሮ አደገኛ ነው። አለርጂው አስቀድሞ የያዘውን ልጅም በዚህ መንገድ እናድናለን ማለት ዘበት ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ሐሎዊን የሚሉት በዓላቸው ደረሰ። ልጆች ጭምብል አድርገው ከቤት ቤት ከረሜላ ይለምናሉ። በአንዳንድ በር ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ቀለም የተቀባ ዱባ አየሁ። «እዚህ ቤት ምግብ ያልሆነ ስጦታም አለ» ማለት ነው አሉኝ፤ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ። እኛም አንድ ዱባ ቀባን፤ እኔ ባለቀለም እርሳሶች ገዛሁ። ማታ በሩ ሲንኳኳ የንብ ክንፍ ያደረገች ልጅ ከእናቷ ጋር ቆማለች። የልጅ ልጄ ጆሮዬ ላይ «እሷ ናት» አለኝ። ልጅቷ ሁለት እርሳስ መረጠች፤ እናቷም እጄን ጨብጣ አመሰገነችኝ። እንግሊዝኛዬ አጭር ስለሆነ ደረቴን ነክቼ አጎነበስኩላት።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የሌላዋን ልጄን ልጅ ለማስመዝገብ አብሬ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሄድኩ። ቅጹ ስለ ክትባት ይጠይቃል፤ ስለ ምግብ ግን ምንም አይልም። እኛ ዘንድ ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው መሃል አድርገው ይበላሉ፤ እዚያ ያየሁት ብዕር መሰል መርፌም እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ልጃችሁ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ ወይም ኦቾሎኒ በልቶ ሽፍታ ወጥቶበት ወይም ትንፋሽ አጥሮት የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪም አሳዩት፣ ለመምህሩም በጽሑፍ ስጡት። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ አድሬናሊን እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። አያቶች ደግሞ ልጅ ሲጎበኙን አንድ ነገር ከማጉረሳችን በፊት እናቱን እንጠይቅ።

መምህርቷን ጠይቄ በቅጹ ግርጌ በእጄ ጻፍኩበት፦ «የማይስማማው ምግብ፦ እስካሁን የለም»። እሷም አንብባ ትንሽ ካሰበች በኋላ፣ ከእኛ ቀጥሎ ተራ ይጠብቁ ለነበሩት ወላጆች ቅጹን ስታድል ያንኑ ጥያቄ በቃል ትጠይቃቸው ጀመር።