ከቅጽሩ ውጭ

ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ወደ ደጀን ሲወጣ በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ እዚህም እዚያም ተደርድሯል። አፉ በቅጠል ተወትፎ በልጥ ታስሯል፤ ሻጩ ከጥላ ሥር ቁጭ ብሎ መኪና ይጠብቃል። ከሰሉ የበረሃው ግራር ነው። ጊዜው ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነበር። ትውልዴ አዲስ አበባ፣ ኑሮዬ ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ስለሆነ ጎጃምን የማውቀው በስም ብቻ ነበር። ደጀን ላይ የደብረ ማርቆሱን መንገድ ትተን በቀኝ ወደ ቢቸና ታጠፍን።

ከዚያ በኋላ ያለው አገር ሁሉ እርሻ ነው። ጤፉ ማሸት ጀምሯል፤ በየመንደሩ ጥግ ባሕር ዛፍ ተሰልፏል፤ በስተግራ ጮቄ ደመና ለብሶ ቆሟል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ለዓባይ የሚገብሩ ብዙ ወንዞች መነሻ ነው፤ ነገር ግን ገብስና ድንች ሽቅብ እየተከተሉት አስታውና ጅብራው ወደ ጫፉ ተገፍቷል። ሜዳው ላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ጉብታ ሲታይ ሾፌሩን መጠየቅ አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ነው።

መድረሻዬ ደብረ ወርቅ የቆየች የትምህርት ደብር ናት። ቅዱስ ሉቃስ ሳላት ተብሎ የሚታመን ሥዕለ ማርያም ያለባት፣ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የተማሩባት። ያረፍኩት በጓደኛዬ እናት ቤት ነው። በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በልጃቸው መሪነት ሄድኩ። ከግጦሹ ሜዳ ወደ ደኑ ሲገባ ፀሐዩም ንፋሱም ባንዴ ይቀራል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨት፣ ከሥራቸው አጋምና ቀጋ። ኮሎኝ ውስጥ የሚሸጥ የዛፍ መጽሐፍ ላይ ግማሾቹን አላገኘኋቸውም። እዚህ ግን የመራኝ ልጅ ሁሉንም በየስማቸው፣ ከነጥቅማቸው ጠራልኝ።

ዙሪያውን ያለ ጭቃ የተካበ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ አጥር አለ። መስቀል ከተሳለምኩ በኋላ ቄሰ ገበዙን ደኑን ማን እንደሚጠብቀው ጠየቅኋቸው።

«ሰበካ ጉባኤው ጠባቂ ቀጥሯል፤ ጠባቂው ግን አንድ ሰው ነው፣ ሌሊት ይተኛል። የሚጠብቀው ሕዝቡ ነው ልጄ። ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ካልሆነ ዛፍ አይነካም፤ እሱም ቢሆን ተነጋግረን ነው።»

«ታዲያ አጥሩ ለምን አስፈለገ?»

«ለከብቱ። ሰው በመጥረቢያ የሚወስደው ይታያል፤ ከብት ችግኝ ሲግጥ ግን ማንም ልብ አይልም። ዛፎቹ አረጁ፣ ተተኪ የላቸውም።»

ይህን የቄሰ ገበዙን ቃል የሳይንስ ሰዎችም ደርሰውበታል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በሰሜን ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ነው። የከብት ግጦሽ ችግኝን እንዳያድግ ከሚከለክሉት ዋና ነገሮች አንዱ መሆኑን አሳይተዋል። በኋላም ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ጋር በደቡብ ጎንደር ካህናትንና ምእመናንን እያስተባበሩ የድንጋይ አጥር አሠርተዋል። ድንጋዩ ከየእርሻው ይለቀማል፤ ገበሬው ማሳው ይጠራለታል፣ ደኑም ይታጠርለታል። ከዚህ የሚሻል የደን ጥበቃ ዘዴ እኔ አላውቅም፤ ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ እውቀቱም ከቦታው ነው።

ጎጃም ከመምጣቴ ጥቂት ቀደም ብሎ ሃምባኽ በተባለ ደን ውስጥ ነበርኩ። ከኮሎኝ ብዙ አይርቅም። በአንድ ወቅት ከ4,000 ሄክታር በላይ የነበረው ይህ የጥንት ደን እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ኤርቬኤ በተባለው የኃይል ኩባንያ የድንጋይ ከሰል ማውጫ እየተበላ ጥቂት መቶ ሄክታር ብቻ ቀርቶ ነበር። ወጣቶች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ዛፍ ላይ ቤት ሠርተው ኖሩበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ፖሊስ ሲያስወጣቸው ቀረጻ ላይ የነበረ አንድ ወጣት ከዛፍ መሸጋገሪያ ወድቆ ሞተ። በዚያው አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን ግን ፍርድ ቤት ቆረጣውን አገደ። ክሱን ያቀረበው ቡንድ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ነው፤ ከመከራከሪያዎቹ አንዱ በደኑ ውስጥ የምትኖር፣ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀች የሌሊት ወፍ ነበረች። ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል። እዚያው አካባቢ የነበረችው ሉትሰራት የተባለች መንደር ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ብዙ ሺህ ሰው ተቃውሞም አልዳነችም።

የሃምባኽን ነገር ለቄሰ ገበዙ አወራኋቸው፤ ይበልጥ ያስደነገጣቸው ግን ሌላው ወሬ ነው። በዚያው አገር ኢመራት በምትባል መንደር ለከሰሉ ሲባል ትልቁ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በመኪና ፈርሷል። «ሕዝቡስ የት ነበር?» አሉኝ። ሕዝቡ አስቀድሞ ካሳ ተሰጥቶት ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ እንደተደረገ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አሰቡበትና «ከሰው በፊት ደኑ አይሄድማ» አሉ።

አገራችንም ከዚህ ነፃ አይደለችም። በኢሉባቦር ያለው የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የዱር ቡና ዘር የሚገኝበት ነው። በዚያው በያዩ በድንጋይ ከሰል ላይ የተመሠረተ የማዳበሪያ ፋብሪካ በመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ሥራ ተጀምሮለት፣ ቢሊዮኖች ብር ወጥቶበት ሳይጠናቀቅ ቀረ። እኔ ማዳበሪያ አያስፈልገንም አልልም፤ የጎጃም ገበሬ በማዳበሪያ እጦት ሲጨነቅ ሰምቻለሁ። ግን የቡናን ዘር የያዘ ደን አንዴ ከተመነጠረ መልሶ የሚሠራው ፋብሪካ የለም።

ደብረ ወርቅ አካባቢ ደኑን የሚፈታተነው የማዕድን ኩባንያ ሳይሆን ጓዳ ነው። ማታ የጓደኛዬ እናት እንጀራ ሲጋግሩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የሚያነዱት ኩበት ነው፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ለማሳው ፍግ መሆን የሚገባው ነገር እየነደደ አመድ ይሆናል። «ዛፍ መቁረጥ ኃጢአት ነው ይሉናል፣ እውነታቸውን ነው» አሉኝ። «ምጣዱ ግን በምን ይስማ ልጄ?»

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ስለ ደን መናገር ትርጉም የለውም። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ መሬት ያደርቃል ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳው ውስጥ እውነት አለ። ሆኖም ከጓሮ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ባይኖር ወይራውና ጽዱ ምን ይሆን ነበር? በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር በማሳቸው ተክለው፣ በጥቂት ዓመታት አድርሰው፣ አክስለው ይሸጡታል፤ መሬቱንም መልሰው ያርሱታል። ከሰል የማይቀር ከሆነ ከተተከለ ዛፍ ይምጣ። ከዚያ ጎን ለጎን እንጨት የሚቆጥበው ምርጥ ምድጃ በየጓዳው ይግባ፤ ዓባይን የገደበ አገር መብራቱን ዓባይ ዳር ላለው ጓዳ ሊያደርስ ይገባዋል።

ከመመለሴ በፊት ቄሰ ገበዙ ከአጥሩ ውጭ ያለውን የተራቆተ ተዳፋት አሳዩኝ። በጥር የተፋሰስ ሥራ ሲጀመር ከቀበሌው ጋር ተነጋግረው ከንክኪ ነፃ እንዲሆን፣ አጥሩም እስከ ጅረቱ ድረስ እንዲሰፋ ይፈልጋሉ። የወይራና የጽድ ዘር ከደኑ ራሱ ይወጣል። አብሮን የነበረ አንድ ገበሬ ግን አልተስማማም።

«በሬዎቼን የት ላሰማራ አባ?»

ሣሩ እየታጨደ ቅድሚያ ለአዋሳኝ ቤቶች እንደሚሰጥ ነገሩት። እሱም ይህ በቀበሌው ቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ስሙም ገብቶ ካላየ ድንጋይ እንደማያነሳ ተናገረ። ቄሰ ገበዙ «ይገባል፣ ልክ ነህ» ብለው የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ መቼ እንደሆነ ነገሩትና እንዲመጣ ጠሩት።